ዳቦው ምን ይበላል?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ ከተማሪዎቼ አንዷን ወደ ጠረጴዛዬ ጠርቼ «ሚ» የተጻፈባትን ካርድ ሰጠኋትና «ይህቺ ማን ናት?» አልኳት። ካርዷን በሁለት እጇ ይዛ ጥቂት ካየቻት በኋላ ምንም ሳትናገር ወደ ግድግዳው ሄደች። ከፊደል ገበታው ፊት ቆማ የካርዷን መልክ ፈለገች፤ አገኘችው። ጣቷን ግን እዚያ አላሳረፈችም። ወደ ረድፉ መጀመሪያ ተመልሳ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብላ አዜመችና ዞር ብላ «ሚ ናት፣ ቲቸር!» አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። እኔም «ጎበዝ!» ብዬ አጨበጨብኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ገበታውን ከግድግዳው ባወርደው ያቺ ልጅ «ሚ»ን አታውቃትም። የምታውቀው ዜማውን ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ«ኦ» ክፍል መምህርት ነኝ። ለማያውቅ ሰው፣ «ኦ» ክፍል ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በዚያው ግቢ አንድ ዓመት የሚቆዩበት ክፍል ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተስፋፍቷል። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ለግል አፀደ ሕፃናት መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ዘንድሮ 46 ናቸው። ወንበሩ ለ30 ብቻ ስለሚበቃ የቀሩት ሰሌን ላይ ይቀመጣሉ፤ በየቀኑ ተራ እንለዋወጣለን።

ዱባይ የምትሠራው እህቴ ለመስቀል ስትመጣ አንድ ታብሌት አምጥታልኝ ነበር። «ለራስሽ ተጠቀሚበት፣ ትምህርት ቤት እንዳትወስጂው» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሳምንት አልቆየም፤ ወሰድኩት። ርዕሰ መምህሩን አስፈቀድኩ፣ ከገበያ አንዲት ትንሽ ስፒከር ገዛሁ፣ የራሴን ስልክ ጨመርኩ። የክፍላችን ቴክኖሎጂ በሙሉ ይኸው ነው። ያለፉትን ሰባት ወራት በእነዚህ ሦስት ዕቃዎች ምን እንደሞከርኩ፣ ምኑን እንደጣልኩና ምኑን እንደያዝኩ ልጻፍ። እንደ እኔ ብዙ ልጅና አንድ ስልክ ይዘው የሚያስተምሩ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁና።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። የእንግሊዝኛ ፊደል የሚያስተምር፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ዘፈኑ የሚስብ መተግበሪያ ጫንኩ። ልጆቹ በሦስት ቀን ውስጥ ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» ዘመሩት። አንድ አባት ልጁን ሊወስድ ሲመጣ በር ላይ አስቁሞኝ «ልጄን እንግሊዝኛ አስቻልሽልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ወደ ክፍል ስመለስ የዚያኑ ሰው ልጅ ጠርቼ «ዲ»ን ለብቻዋ አሳየሁት። ልጁ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ...» ብሎ ከመጀመሪያው ተነሣ። ያው የጥቅምቷ ልጅ ነገር ነው። በግድግዳ ገበታ ፈንታ ብርሃን ያለው ገበታ ሰጠኋቸው እንጂ ምንም አልተለወጠም።

ይህን ሳስብ የወንጪና የወለንጪቲ ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በእነዚህ ሁለት የኦሮሚያ አካባቢዎች ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ባሉባቸው መንደሮች ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አኑሮ ነበር። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቻርጅ ማድረጊያ ብቻ ተዘጋጅቷል። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛውን የፊደል መዝሙር እየዘመሩ ነበር፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ዓለም ስለ ካሜራው ብዙ አወራ። እኔን ግን ያስቆመኝ መዝሙሩ ነው። የእኔዎቹም ሕፃናት በሦስት ቀን ዘምረዋል። መዝሙር የመጀመሪያው ፍሬ ሆኖ የሚታየው ለመያዝ ስለሚቀልል ነው።

በዚያ ዘገባ ውስጥ ግን አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው። አንድ ልጅ የእንስሳት ሥዕል ያለባቸውን የፊደል ጨዋታዎች ሲጫወት ቆይቶ፣ ማንም ሳያዘው የሥዕል መሣያውን ከፈተና በእንግሊዝኛ «ላየን» ብሎ ጻፈ፤ አንበሳ ማለት ነው። ይኸ ልጅ ከዜማው ወጥቷል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከየረድፋቸው መርጦ፣ አዛውሮ፣ ለራሱ ቃል ሠርቶባቸዋል። እንደ መምህርት ደስ ይለኛል፤ እንደ መምህርት ደግሞ ይቆጨኛል። ያ ብልህ ልጅ በመንደሩ በሚነገረው ቋንቋ «ሌንጫ» ብሎ የሚጽፍበት ጨዋታ ቢያገኝ ኖሮ ምን ያህል ርቆ በሄደ!

ስለዚህ እንግሊዝኛውን አጠፋሁና አማርኛ የሚያስተምሩ መተግበሪያዎችን መፈለግ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማታው አንድ በአንድ እየጫንኩ ፈተሽኩ። ስም አልጠራም፤ ብዙዎቹን የሠሩት በራሳቸው ገንዘብና ጊዜ የደከሙ ወጣቶች እንደሆኑ እገምታለሁ። ያየሁትን ብቻ ልናገር። አንደኛው ላይ «አ»ን ስትነኩ የፖም ሥዕል ይወጣል፤ ድምፁም «ፖም» ይላል። ከእንግሊዝኛው ቀጥታ እንደተገለበጠ ለእኔ ይገባኛል፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ግን «አ» ማለት «ፖም» ነው። ከክፍሌ ሁለት ልጆች ለሳምንት ያህል «አ»ን ባዩ ቁጥር «ፖ» ይሉ ነበር፤ ለማስተው ብዙ ደከምኩ። ሌላኛው ጣትን እያስኬዱ ፊደል መጻፍ የሚያስተምር ነው። ሐሳቡን ወደድኩት። ነገር ግን መነሻው ነጥብ ላይ ካልተጀመረ «ተሳስተሃል» ብሎ ይጮኻል። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የልጆቹ ጣት በብርድ ይደነዝዛል፣ ላዩ ይሰነጣጠቃል፣ ጠመኔም ጭቃም አለበት፤ ስክሪኑ ቶሎ አይሰማውም። ልጁ ትክክል እየጻፈ መሣሪያው «ተሳስተሃል» ሲለው ያየሁት ፊት አሁንም አይረሳኝም። መተግበሪያውን በዚያው ሰዓት አጠፋሁት። ሦስተኛው ነፃ ነበር፤ በመካከል ማስታወቂያ ያስገባል። አንድ ቀን የ«ደ» ረድፍ ላይ ሳለን የኳስ ውርርድ ማስታወቂያ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ታብሌቱ ክፍል የሚገባው ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ብቻ ነው። ይህን የሚያነብ መምህር ቢኖር፣ ከሁሉ በፊት ይህን አድርጉ።

አሁን ወደ ዳቦው ልምጣ።

ነፃ የልጆች ታሪኮች የሚገኙባቸው ሁለት ጥሩ ቦታዎች አሉ። አንዱ ከደቡብ አፍሪካ የተነሣው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» ነው፤ ሌላው የሕንዱ ፕራታም ቡክስ እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተው «ስቶሪዊቨር»። በሁለቱም ላይ በአማርኛ የተጻፉ፣ በሥዕል የተሞሉ አጫጭር ታሪኮች ይገኛሉ፤ ማውረድም ማተምም ይፈቀዳል። የተወሰኑትን ካወረድኩ በኋላ ራሴም አንዲት ታሪክ ሠራሁ፤ ስለ አንድ የተራበ ልጅና ከምጣድ ስለወረደ ዳቦ። ከዚያ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ አገኘሁና አስነበብኩት። ድምፁ ጥርት ያለ የሴት ድምፅ ነው። እኔም በአንደኛው ማዕዘን ከአምስት ልጆች ጋር ስሠራ ሌሎቹ በስፒከር ታሪክ ይሰማሉ ብዬ ተደሰትኩ።

ታሪኩ መጨረሻ ላይ «ዳቦው ይበላል» ይላል። እኔ የጻፍኩት ጠብቆ እንዲነበብ ነው፤ ሰዎች ይበሉታል ለማለት። ማሽኑ ግን አላልቶ አነበበው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከሰሌኑ ላይ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ ዳቦው ምን ይበላል?» አለ። ሌላው ተከተለ፤ «ዳቦ አፍ አለው እንዴ?» ከዚያ 46ቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ።

ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉን ይሁን «ገና አልመጣም» ማለታችን መሆኑን የሚያውቀው አንባቢው ነው። «አለ» ተናገረም ነው፣ ይገኛልም ነው። «ዋና» መሪም ነው፣ ውኃ ውስጥም ነው። ይህን የሚለየው ቋንቋውን ከእናቱ አፍ የሰማ ጆሮ ነው፤ የእኔ ሕፃናት ደግሞ አንዲት ፊደል ሳይለዩ ይህ ጆሮ አላቸው። ማሽኑ የጎደለውን እነሱ ይዘውት መጥተዋል። እኔ ግን ማሽኑን አስነባቢ፣ እነሱን ሰሚ አድርጌ ነበር።

በነጋታው ገለበጥኩት። የስልኬን የድምፅ መቅጃ ከፍቼ «ማሽኗ ተሳስታለች፤ ማን ያርምላታል?» አልኩ። ያ የጠየቀው ልጅ መጣ። ስልኩን ወደ አፉ በጣም አስጠግቶ፣ ትንፋሹ እስኪሰማ፣ «ዳቦው ይበላል» አለ፤ «በ»ንም «ለ»ንም አጥብቆ። በስፒከር አሰማሁት። የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማ አንገቱን ወደ ሹራቡ ውስጥ ቀበረና ከዚያ ውስጥ ሆኖ «ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍላችንን ታሪኮች የሚያነቡት ልጆቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። እኔ በጆሮአቸው እነግራቸዋለሁ፣ እነሱ በራሳቸው አነጋገር ይቀዱታል። ያልጠበቅኩት ጥቅምም ተገኘ። «ጠረጴዛ»ን «ተረቤዛ»፣ «ጸሐይ»ን «ሰሐይ» የሚሉ ልጆች የራሳቸውን ድምፅ ሰምተው ራሳቸው «ልክ አይደለም፣ እንደገና» ይላሉ። እኔ ሳርማቸው ይሸማቀቁ ነበር፤ ራሳቸውን ሲያርሙ ግን ጨዋታ ነው።

የድምፅ መቅጃው ንግግሩን አስተካከለልኝ፤ የፊደሉ ነገር ግን እንዳለ ነበር። ለገና ቤተሰብ ዘንድ ስሄድ ለአባቴ አማረርኩ። አባባ የተማሩት ቡልጋ፣ ከየኔታ ዘንድ ነው። ስለ ታብሌቱ ስነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝ። ልጆቹ በዜማ ብቻ እንደሚያውቁት ስነግራቸው ግን ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«ይህንማ የኔታ ያውቁታል» አሉ። «ሀሁን በዜማ አስቆጥረው ሲያበቁ፣ ልጁ ቻልኩ ብሎ ደረቱን ሲነፋ፣ አቡጊዳን ያመጡለታል። እዚያ ዜማው አያድንም።»

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከ60 ዓመት በኋላ፣ አንድም ሳያደናቅፋቸው «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» አሉ።

አቡጊዳን በስሙ አውቀው ነበር፤ ለምን እንደተሠራ ግን ተቀምጬ አስቤበት አላውቅም። እስቲ እዩት። «አ» ከአ ቤት ግዕዝ፣ «ቡ» ከበ ቤት ካዕብ፣ «ጊ» ከገ ቤት ሣልስ፣ «ዳ» ከደ ቤት ራብዕ፣ «ሄ» ከሀ ቤት ኃምስ፣ «ው» ከወ ቤት ሳድስ፣ «ዞ» ከዘ ቤት ሳብዕ። በየእርምጃው ቤቱም ይለወጣል፣ ድምፁም ይለወጣል። ልጁ ወደፊት ለመሄድ እያንዳንዷን ፊደል በዓይኑ ማየት አለበት፤ የማን ቤት እንደሆነች ከግንዷ፣ ስንተኛ እንደሆነች ከእግሯ ወይም ከቀለበቷ። 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ነው፤ 231 መልክ አንድ በአንድ መሸምደድ ለሕፃን ከባድ ነው፤ ቤቱንና ምልክቱን ለይቶ ማየት ግን ይቻላል። ያለ መብራትና ያለ ባትሪ፣ በአንድ ብራና ላይ፣ ዜማን የሚሰብር መሣሪያ ሠርተው አስቀምጠውልናል። እኔ ዱባይ ድረስ ሄጄ ስፈልግ ነበር!

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መተግበሪያ የምፈትነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ዜማውን ይሰብራል ወይስ ያጠነክራል?

ከዕረፍት ስመለስ «ፊደል አደን» የምንለውን ጨዋታ ጀመርን። አምስት አምስት ሆነው ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንዲት ፊደል በካርድ ላይ ጽፌ እሰጣለሁ፤ ስልኩን ይዘው ግቢውን ይዞራሉ፤ ያቺን ፊደል ባገኙበት ቦታ ሁሉ ፎቶ ያነሣሉ። ገበታው የለም፣ ረድፉ የለም። ፊደሏ ከዘመዶቿ ተለይታ ከማታውቃቸው ፊደሎች መካከል ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። በር ላይ ካለው የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ፣ ከምገባው የዱቄት ጆንያ፣ ከክትባት ማስታወቂያ፣ ከውኃ ታንከሩ፣ ከጥበቃው የብርድ ልብስ ጫፍ ላይ ካለችው ጨርቅ ሳይቀር ፊደል ይዘው ይመጣሉ።

አንድ ቀን «ቡ» የወጣላቸው ልጆች ከሁለት ፎቶ ጋር እየተጨቃጨቁ መጡ። አንዱ ከጆንያ ላይ ነው፣ በማተሚያ የታተመ፣ ቀጥ ያለ። ሌላው ከግድግዳ ላይ ነው፣ በቀለም ቀቢ እጅ የተጻፈ፤ እግሯ ወደ ውጭ ተጠማዟል፣ የጎኗ ምልክት ረዝሟል። «ይቺ ቡ አይደለችም፣ ጅራት አላት» ይላል አንዱ። «ጅራቱ የቀለሙ ነው፣ ፈሶ ነው» ትላለች ሌላዋ። ሁለቱን ፎቶዎች ታብሌቱ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ አሰፋሁላቸው። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ተመራመሩ፤ ሁለት እግር፣ እዚህም ሁለት እግር፤ ቀኝ ጎኗ ላይ ምልክት፣ እዚህም ምልክት። «ጫማዋ ነው የተለየው» ብላ ፈረደች ልጅቷ። እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። መምህር ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዘጠኝ ዓመታት የስድስት ዓመት ልጆች ስለ አንዲት ፊደል ቅርፅ ይህን ያህል ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም።

ጥበቃችን መጀመሪያ ላይ «ልጅ ስልክ ይዞ ግቢ ይዞራል?» ብለው አልወደዱትም ነበር። አሁን እሳቸው ናቸው ከበሩ ሆነው «ልጆች፣ ኑ፣ ይህ ጋዜጣ ላይ አንዲት ጥ አግኝቻለሁ» እያሉ የሚጣሩት።

ፎቶዎቹን ታብሌቱ ላይ ሰብስቤ አደባልቄ አሳያቸዋለሁ። ያ የእኛ አቡጊዳ ነው፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ ማንም በዜማ ሊይዘው አይችልም።

ስለ ሌላ አንድ መሣሪያ ልጨምር። «ስክራች ጁኒየር» ይባላል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲና በኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የወደድኩት ትእዛዞቹ በቃል ሳይሆን በሥዕል ስለሆኑ ነው፤ ማንበብ የማይችል ልጅም የየትኛውም ቋንቋ ልጅም ይገለገልበታል። ባለ ቀለም ብሎኮችን እንደ ቁርጥራጭ ዕንጨት ይገጣጥማሉ፤ ሰማያዊው ያስኬዳል፣ አረንጓዴው ድምፅ ያወጣል፣ ቀዩ መጨረሻው ነው። የራሳቸውን ድምፅም ይቀዱበታል፣ የራሳቸውን ሥዕልም ይሥሉበታል።

ሁለት ወንዶች ልጆች ጅብና ፍየል ሣሉ። ጅቡ በቀኝ በኩል ገብቶ «አውውው» እንዲል፣ ፍየሏ ደግሞ እንድትሸሽ ይፈልጋሉ። ሲያስነሡት ፍየሏ ቀድማ ሸሸች፤ ጅቡ ባዶ ሜዳ ላይ ደርሶ ጮኸ። «ምን አይታ ነው የሸሸችው?» አልኳቸው። አንዱ ጓደኛውን አየ። ዝም ብለው ብሎኮቹን ፈቱ፣ እንደገና ገጠሙ፣ ሞከሩ፤ አሁን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ። እንደገና ፈቱ። ወደ ስምንት ጊዜ ሞክረው ይሆናል። በመጨረሻ ፍየሏን የሚያስነሣውን ብሎክ ለወጡት፤ ጅቡ ሲነካት ብቻ እንድትሄድ። ሠራ። ከመጀመሪያው ምን እንደሚቀድም፣ ከዚያ ምን እንደሚከተል፣ ለምን እንደተከተለ ይህን ያህል ማሰብ የታሪክ መጻፍ መጀመሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ እነዚያ ሁለት ልጆች ተረት ሲነግሩኝ «ከዚያ በፊት ግን» የሚል ቃል ጨምረዋል።

ጊዜውን በተመለከተ ጥብቅ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ መክሯል። የእኔዎቹ ከዚያ ዕድሜ ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ቢሆንም ታብሌቱ ላይ የሚቆዩት በተራ አሥር አሥር ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው። ሌላው ጊዜ የጭቃ፣ የገመድ፣ የመዝሙርና የሩጫ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት «እኛ ቤት ስልክ ስንነጥቀው አንቺ ትሰጪዋለሽ» ብለው ቅር እንዳላቸው ነገሩኝ። ትክክል ናቸው፤ ቤት ውስጥ ልጁ ስልክ የሚይዘው ተቀምጦ ለማየት ነው። አንድ ጠዋት መጥተው ፊደል አደኑን እንዲያዩ ለመንኳቸው። መጡ። ልጃቸው ስልኩን ይዞ እየሮጠ፣ ጆንያ ሥር እየተንበረከከ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ወዲህ የሚልኩት የስኳር ከረጢት፣ የሻይ ቅጠል ማሸጊያ፣ የመድኃኒት ካርቶን ነው፤ «ፊደል አለበትና ይጠቅማችኋል» እያሉ።

መብራት በጠፋ ቀን ታብሌቱ አይመጣም፤ ልጆቹም አያጉረመርሙም። ከፎቶዎቹ ጥቂቶቹን አሳትሜ በፕላስቲክ ስለለበጥኳቸው እነሱን ዘርግተን እንጫወታለን። አባባ ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ ብራናው ተመለሰ» አሉኝ፤ እንዲህ ሲሉ ደስ ብሏቸው ነበር።

የጥቅምቷን ልጅ አልረሳኋትም። ገበታውን ከየካቲት ጀምሮ ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። ባለፈው ዓርብ የአደን ተራዋ ነበርና ከአጥሩ ሥር ቆማ ስልኩን በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ ወደ ማዶው ሱቅ ስታነጣጥር አየኋት። ስትመለስ ፎቶውን አሳየችኝ። ግማሹ በራሷ ጣት ተሸፍኗል፣ ቀሪው ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ የሱቁ ሰሌዳ ላይ «ሚሪንዳ» የሚለው ግን ይነበባል። ጣቷን ከመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አሳረፈችና «ሚ» አለች። ወደ ባዶው ግድግዳ ዞር አላለችም፣ «መ» ብላም አልጀመረችም።

«ቀጥላ ያለችውስ?» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አየቻት። ከንፈሯ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ «ረ፣ ሩ...»

ሰኞ ካርዷ ላይ «ሪ»ን እጽፍላታለሁ።